0.4 ፒኮዋቱ ከየት መጣ? «ደካማ ብርሃን መለካት ቀላል ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ርዕሱ «ደካማ ብርሃን መለካት ቀላል ነው» ይላል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ ከሥሩ «ይኸው፣ አንተ ነህ የምታካብደው» ብለው ጨምረውበታል። እንግዲህ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ላስቀምጥ፤ ጸሐፊው ያላሉትን ብለዋል እንዳልል። አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የዛሬ ፓወር ሜትሮች (የብርሃን ኃይል መለኪያዎች) እስከ 0.001 ፒኮዋት ድረስ ስለሚያሳዩ (ፒኮዋት የአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ ነው) በመሣሪያ በኩል ያለው ችግር ተፈትቷል። ሁለተኛ፣ ሲግናሉ በኖይዝ፣ ማለትም ንባቡን በዘፈቀደ በሚያዋዥቀው ነገር፣ ከተዋጠ ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው የማይወጣ ሲግናል የለም። ሦስተኛ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ፣ የዲቴክተሩን (የብርሃን መቀበያውን) ክዳን ገጥሞ «ዜሮ» የሚለውን ቁልፍ መጫን የጀርባ ብርሃንን ጉዳይ ይዘጋዋል። አራተኛ፣ ይህም ካልበቃ ጌይኑን (ሲግናሉ የሚባዛበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ወይም ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር (በአንድ ፍጥነት የሚቆራረጥን ሲግናል ብቻ ለይቶ የሚያጎላ መሣሪያ) ማስገባት ነው። አምስተኛ፣ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ቆጣሪ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ የሚቆጥር እንጂ የሚለካ ስላልሆነ አይሳሳትም።

ለማስረጃ የራሳቸውን ውጤት አቅርበዋል። የኖይዙ መጠን 0.5 ፒኮዋት ገደማ በሆነ ተራ ፓወር ሜትር 10,000 ንባብ ወሰዱ። ስክሪኑ «ሎው» ያለባቸውን ንባቦች ጣሉ። የቀሩትን አማካይ ሲያወጡ 0.4 ፒኮዋት አገኙ።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ጽሑፉ እርባና የለውም እያልኩ አይደለም። ፎቶዳዮድን (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ከረንት የሚቀይረውን ዲቴክተር) በቀጥታ ከኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን ከሚያሳይ መሣሪያ) 50 ኦም መግቢያ ጋር ማገናኘት ከንቱ ድካም ነው ማለታቸው ልክ ነው። 1 ናኖአምፒር በ50 ኦም ላይ የሚሰጠው 50 ናኖቮልት ብቻ ነው። ይህን በኦሲሎስኮፕ ላይ ለማየት መሞከር በጩኸት መሀል ሹክሹክታ መስማት ነው። የፋይበር ኮኔክተርን ሳያጸዱ መለካት ቀልድ ነው ያሉትንም ሁለት እጄን አንስቼ እደግፋለሁ። ጭቅጭቃችን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአሃዞቹ ልነሳ። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ መታየቱና ሦስቱም እውነት መሆናቸው ለየቅል ነው። የመጨረሻው አሃዝ ሜትሩ ሊያሳይ የሚችለውን ትንሹን ለውጥ ይነግራል። ቁጥሩ ከእውነቱ ምን ያህል እንደራቀ ግን አይነግርም። ያ ያለው ካሊብሬሽን ወረቀቱ ላይ ነው፤ ሜትሩ ከታወቀ ልክ ጋር የተመሳከረበት ወረቀት ማለቴ ነው። ለተለመደው የላብ ሜትር ወረቀቱ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፤ ያውም በተወሰነ የሞገድ ርዝመትና በተወሰነ የብርሃን መጠን። ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋማት ዲቴክተሩን ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ዲግሪ ከፍ እስኪል አቀዝቅዘው፣ ብርሃኑ የፈጠረውን ሙቀት ከኤሌክትሪክ ሙቀት ጋር እያነጻጸሩ፣ እስከ 0.01 በመቶ አካባቢ ይወርዳሉ። እነሱም ቢሆኑ ይህን የሚያደርጉት ከፒኮዋት እጅግ በሚበልጥ ብርሃን ላይ ነው።

የእኛ ሜትር በማይክሮዋት ተካልብሮ በፒኮዋት ሲያነብ፣ በመሀል ሚሊዮን እጥፍ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱን ሁሉ ቀጥ ብሎ መውረዱን ማን አረጋገጠ? ማረጋገጫው ውድ አይደለም። ሁለት የተለያዩ የብርሃን ምንጮች ውሰዱ። የመጀመሪያውን ብቻ ለኩ፣ ሁለተኛውን ብቻ ለኩ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። የአንድ ላዩ ንባብ ከድምሩ ጋር ካልገጠመ ሜትሩ በዚያ ደረጃ ቀጥተኛ አይደለም። ምንም ስታንዳርድ አያስፈልግም። እየቀነሳችሁ እየቀነሳችሁ እስከ ታች መውረድ ነው። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም።

የሞገድ ርዝመቱን ቁልፍ (የሚለካው ብርሃን የትኛው ቀለም እንደሆነ ለሜትሩ የሚነግረውን) ረስቶ የሚለካ ሰው ደግሞ ስለ ሦስተኛው አሃዝ ባያወራ ይሻላል። የሲሊኮን ፎቶዳዮድ በ633 ናኖሜትር ለአንድ ዋት 0.4 አምፒር ገደማ ይሰጣል፤ በ850 ናኖሜትር 0.55 አካባቢ። ሜትሩ 850 ላይ ተቀምጦ ቀይ ሌዘር ብታሳዩት ሩብ ያህሉን ይውጠዋል። አሃዞቹ ግን እንደተደረደሩ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አማካዩ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል። እውነቱ ይህ ነው፦ 100 ንባብ ኖይዙን በ10 ይቀንሳል፣ 10,000 ንባብ በ100። ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ንባቦቹ አንዱ ከሌላው ነፃ መሆን አለባቸው። ዜሮው ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም።

ዜሮው ግን ይንቀሳቀሳል። የሲሊኮን ፎቶዳዮድ የጨለማ ከረንት (ብርሃን ሳይኖርም የሚፈሰው) በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የክፍሉ ሙቀት በ1 ዲግሪ ቢለወጥ እንኳ ያ ከረንት በ7 በመቶ ይንሸራተታል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩም የራሱ ቀርፋፋ መንሸራተት አለው። አማካይ መውሰጃውን ጊዜ ስታረዝሙ ፈጣኑ ኖይዝ ይሞታል፣ ቀርፋፋው ግን ይነሳል። የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ውጤቱን ያበላሻል እንጂ አያሻሽልም። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ አለን በ1966 እ.ኤ.አ. ለሰዓቶች ያወጣው ስሌት ይህንኑ መገናኛ ነጥብ ያሳያል፤ ለብርሃን ሜትርም ያለምንም ችግር ይሠራል። ብርሃኑን ዝጉ፣ ለአንድ ሰዓት መዝግቡ፣ ስሌቱን ሥሩ። የእናንተ መሣሪያ የትዕግሥት ጣሪያ የት እንደሆነ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ጣሪያዬ ከአንድ ደቂቃ በታች ሆኖ አገኘሁት። ያን ሰሞን በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ነበር!

አሁን 0.4 ፒኮዋቱን አምጡልኝ።

ጸሐፊው «ሎው» ያሉትን ንባቦች ጣልን ብለዋል። «ሎው» ምንድን ነው? ሜትሩ በዲቢኤም (ኃይልን በሎጋሪዝም በሚገልጸው አሃድ) ሲያሳይ ከዜሮ በታች የሆነን ቁጥር መጻፍ አይችልም፤ የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም የለምና። ስለዚህ «ሎው» ይላል። ዜሮው በትክክል ከተስተካከለና ብርሃን ከሌለ ግማሹ ንባብ ከዜሮ በላይ፣ ግማሹ ከዜሮ በታች ይወድቃል። እርስ በርስ ተጣፍተው አማካዩ ዜሮ ይሆናል። ከዜሮ በታች ያሉትን ስትጥሉ ግን የቀሩት ሁሉም አዎንታዊ ናቸው። የእነሱ አማካይ ደግሞ መቼም ዜሮ አይሆንም። ኖይዙ የተለመደው የደወል ቅርጽ ካለው፣ የቀረው ግማሽ አማካይ የኖይዙ መጠን 0.8 እጥፍ ነው።

ጸሐፊው የነገሩን የኖይዝ መጠን 0.5 ፒኮዋት ነው። 0.5 ሲባዛ በ0.8 ስንት ነው? 0.4።

ብርሃን አልነበረም እያልኩ አይደለም። ብርሃን ባይኖርም ያው ቁጥር ይመጣ ነበር እያልኩ ነው። ይባስ ብሎ፣ በእርግጥ 0.4 ፒኮዋት ብርሃን ቢኖር ኖሮ በዚህ አሠራር የሚነበበው 0.6 አካባቢ ነበር። 10,000 ቢሉት 10 ሚሊዮን ንባብ ይህን አያድነውም። አማካዩ ወደ ተሳሳተው ቁጥር ይበልጥ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ።

መፍትሔው ሜትሩን ወደ ዋት ማዞርና ከዜሮ በታች ያለውንም ንባብ እንዳለ መመዝገብ ነው። እግረ መንገዴን፣ ዲቢኤሞችን ራሳቸውን ደምሮ ማካፈልም ያው በሽታ አለበት። −50 እና −60 ዲቢኤም አማካያቸው −55 ይመስላል። በዋት ግን 10 ናኖዋትና 1 ናኖዋት ናቸው፤ አማካያቸው 5.5 ናኖዋት፣ ማለትም −52.6 ዲቢኤም ገደማ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የጨለማው ጉዳይ፣ በጽሑፉ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ነው የተሰጠው። እኔ ብጽፈው ግማሹን ገጽ ለእሱ እሰጥ ነበር። ጠባሳዬም እዚህ ነው ያለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ናሙና የሚወጣ ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ሌዘር ሲያርፍበት የሚያወጣውን ፍካት፣ እለካ ነበር። 3 ፒኮዋት ገደማ፣ ድንጋይ የመሰለ ጽኑ ሲግናል። ክዳን ገጥሜ ዜሮ አድርጌአለሁ። መብራቱ ጠፍቷል። መጋረጃው ተዘግቷል። ለሁለት ሳምንት ያህል ናሙና ስቀያይር ሲግናሉ ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ በጽናቱ ደስ ብሎኝ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ቀን ጥቁር ካርቶን ሌዘሩ አፍ ላይ አቆምኩ። ሲግናሉ አልወረደም። የናሙናው መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት፣ የሩዝ ፍሬ የምታክለው፣ በነጭ ወረቀት ላይ ነጥራ ወደ ዲቴክተሩ ትገባ ነበር። የሁለት ሳምንት ሥራዬ ስለ ሳጥኗ እንጂ ስለ ናሙናው አልነበረም።

ክዳኑ ለምን አላዳነኝም? ክዳኑ ዲቴክተሩ ላይ ሲገጠም ሁሉንም ብርሃን ይዘጋል፤ ሲግናሉንም፣ አረንጓዴዋንም። የሚለካው የኤሌክትሮኒክሱን ዜሮ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት አረንጓዴዋ ከሲግናሉ ጋር ተያይዛ ትገባለች። ስለዚህ ጨለማ አንድ ዓይነት አይደለም። ክዳን የተገጠመበት አለ። ክዳኑ ተከፍቶ ሌዘሩ የጠፋበት አለ፤ ይህ የክፍሉን ብርሃን ያሳያል። ሌዘሩ እየበራ ናሙናው ብቻ የተነሳበት አለ፤ ይህ ደግሞ የሌዘሩን ብትን ብርሃንና ማጣሪያ መስታወቶቹ ራሳቸው የሚያወጡትን ፍካት ያሳያል። ከውጤቱ መቀነስ ያለበት ይህ የመጨረሻው ነው። ሦስቱን ለክቶ ልዩነታቸውን ያየ ሰው ችግሩ በየትኛው በር እንደገባ ወዲያው ያውቃል። ጸሐፊው የለኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መብራት ማጥፋትም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። 1 ፒኮዋት በ633 ናኖሜትር በሰከንድ 3.2 ሚሊዮን ፎቶን ገደማ ነው። ይህን የምታክል ብርሃን ከኮምፒውተር ስክሪን፣ ከኪስ ስልክ፣ ከበር ሥር ትመጣለች። ቀጭን ሽፋን ያለው ፋይበር የክፍሉን ብርሃን በጎኑ ያስገባል፤ ኮኔክተሩን ብቻ ሸፍኖ መጽናናት አይቻልም። ጥቁር ፕላስተርና ጥቁር ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ሜትር የበለጠ ይሠራሉ። ጥቁር የሚመስል ሁሉ ጥቁር አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ለዓይን ድቅድቅ የሆነ ጨርቅ ኢንፍራሬዱን እንደ ወንፊት ሊያሳልፍ ይችላል።

ጌይን ላይ አጠር ላድርግ። ጌይን መጨመር የሚጠቅመው ከጌይኑ በኋላ ያለው ኖይዝ ሲያስቸግር ነው። ለምሳሌ የአምፕሊፋየሩን ሪዚስተር ከ1 ሜጋኦም ወደ 100 ሜጋኦም ብታሳድጉ የሪዚስተሩ ኖይዝ፣ በከረንት ሲቆጠር፣ በ10 ይወርዳል። ጥሩ ትርፍ ነው። ክፍያው ፍጥነት ነው፦ 1 ጊጋኦም ከ1 ፒኮፋራድ ጋር ሲገናኝ ባንድዊድዙ (አምፕሊፋየሩ ሊከተለው የሚችለው የለውጥ ፍጥነት) 160 ኸርዝ አካባቢ ይቀራል። ኖይዙ ከብርሃኑ ከራሱ ወይም ከጀርባው ብርሃን ከመጣ ግን ጌይን ሁለቱንም አብሮ ያሳድጋል፤ ምንም አልተገኘም። አቫላንሽ ፎቶዳዮድ (ከረንቱን በውስጡ የሚያባዛው ዓይነት) ደግሞ ሲያባዛ የራሱን ተጨማሪ ኖይዝ ይጨምራል። ፎቶመልቲፕላየር (ብርሃን ያወጣውን ኤሌክትሮን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያባዛ ቱቦ) ላይ ቮልቴጁ በ1 በመቶ ቢንቀሳቀስ ጌይኑ በ7 በመቶ አካባቢ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለ ትክክለኛነት እያወራን ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልቀበላቸው። በክፍል ሙቀት የ1 ጊጋኦም ሪዚስተር ኖይዝ በ1 ኸርዝ ባንድዊድዝ 4 ፌምቶአምፒር ገደማ ነው። ይህ በቀይ ብርሃን ሲተረጎም በሰከንድ 30 ሺህ ያህል ፎቶን ይሆናል። ከዚያ በታች ያለ ብርሃን በተራ ፎቶዳዮድና አምፕሊፋየር ላይ ይሰምጣል። እዚያ ፎቶመልቲፕላየር ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም።

ብዙ ሰው ደግሞ ጌይኑን ከፍ አድርጎ ቁጥሩ ሲዋዥቅ ዲቴክተሩን ይወቅሳል። ኮአክሲያል ገመድ ሲታጠፍ ወይም ሲንቀጠቀጥ መከላከያ ሽፋኑ ከውስጡ ጋር ተፋትጎ ቻርጅ ይፈጥራል። በዚህ ደረጃ ይህ ፒኮአምፒሮችን ይሰጣል። የጣት አሻራ ኮኔክተሩ ላይ ከቀረም ከረንት ያሾልካል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ገመዱን ከጠረጴዛው ጋር በፕላስተር አጣብቁትና እንደገና እዩ።

ሎክ-ኢን ድንቅ መሣሪያ ነው። ብርሃኑን በሚሽከረከር ቾፐር እየቆራረጡ በዚያው ፍጥነት ብቻ ማዳመጥ ቀርፋፋውን መንሸራተት ያስወግዳል፤ አረንጓዴዋን መብራቴንም ይጥልልኝ ነበር። ከሲግናሉ ጋር አብሮ የሚቆራረጥን ነገር ግን አይለይም። የሌዘሩ ብትን ብርሃን አብሮ ይቆራረጣል። ሌዘሩን በኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ካለ ደግሞ የመንጃው ፐልስ በአየር ላይ ወደ አምፕሊፋየሩ ዘሎ «ሲግናል» ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማብራት ማጥፋቱ ሳይቋረጥ ዲቴክተሩን ሸፍኑ። ሎክ-ኢኑ አሁንም ቁጥር ካሳየ ያ ቁጥር ብርሃን አይደለም።

ፎቶን ቆጣሪ አይሳሳትም የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ፐልስ ነው እንጂ ፎቶን አይደለም። የፎቶመልቲፕላየር ካቶድ (ብርሃን የሚያርፍበት ፊቱ) በተለምዶ ከአራት ፎቶን ሦስቱን ሳይዝ ያሳልፋል፤ ያ መጠን ደግሞ በካሊብሬሽን እንጂ በመቁጠር አይታወቅም። ዓይናችንም እንዲሁ ነው። ሄክት፣ ሽሌርና ፒረን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1942 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ሰው ብልጭታ ለማየት ዓይኑ ላይ ከ54 እስከ 148 ፎቶን ያስፈልገው ነበር፤ ሬቲናው ላይ ሥራ የሚሠሩት ግን ከ5 እስከ 14 ብቻ ነበሩ።

በላዩ ላይ የሞት ጊዜ የሚባለው አለ። አንድ ቆጣሪ ከእያንዳንዱ ፐልስ በኋላ ለ50 ናኖሰከንድ የሚታወር ከሆነ፣ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሲያሳይ እውነቱ 5 በመቶ ያህል ይበልጣል። 5 ሚሊዮን ሲያሳይ በሢሶ ይበልጣል። ይህ ማስተካከያ የሚሠራውም ለማያቋርጥ ብርሃን ነው። የእያንዳንዱ ብልጭታ ርዝመት ከሞት ጊዜው ካጠረ ከአንድ ብልጭታ ከአንድ በላይ መቁጠር አይቻልም፤ ስሌቱም ሌላ ነው። በደካማው ጫፍ ደግሞ ሲግናሉ በሰከንድ 100፣ የጨለማ ቆጠራው በሰከንድ 1,000 ቢሆን፣ ሲግናሉን ለ1 ሰከንድ ጨለማውን ለ1 ሰከንድ ለክቶ መቀነስ 46 በመቶ እርግጠኛ ያልሆነ ቁጥር ይሰጣል። ለሁለቱም 100 ሰከንድ ብትሰጡ 4.6 በመቶ። ጨለማውን ለመለካት የሚጠፋው ሰዓት የጠፋ አይደለም ማለት ነው። ፎቶመልቲፕላየሩ ሲተከል የክፍል መብራት ካየ ደግሞ፣ ቮልቴጅ ባይኖረውም እንኳ፣ የጨለማ ቆጠራው ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚያ ሰዓት የተወሰደ ጨለማ ለነገ አያገለግልም።

ጸሐፊውን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የጣሏቸው «ሎው» ንባቦች ከ10,000 ስንት ነበሩ? ብርሃን ከሌለ 5,000 ገደማ መሆን አለባቸው። በእርግጥ 0.4 ፒኮዋት ከነበረ ደግሞ ወደ 2,100 ይጠጋሉ። ይህ ቁጥር ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ሳይኖር አይቀርም። ሌላው፣ ካርቶኑን ምንጩ አፍ ላይ አቁመው፣ ሌላውን ምንም ሳይነኩ፣ በዋት አንድ 1,000 ንባብ ይውሰዱ፤ ከዜሮ በታች ያሉትንም ሳይጥሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ካወጡና 0.4 ፒኮዋቱ ከቆመ፣ እርማቱን በዚሁ ገጽ ላይ በራሴ ስም እጽፋለሁ።